«ማሚ፣ ሜዳችን የት ነው?»

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ፣ መካኒሳ አቦ ያለው ቤታችን በጩኸት ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 እየመራ ነው። አንዱን ዳዋ ሆቴሳ፣ ሌላውን ሽመልስ በቀለ አግብተዋል። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ቆሟል፤ ያውም ከነጫማው። አባዬ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ዓይኑ እንባ ማቅረሩን እንዳናይበት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳፈጠጠ ጠየቀኝ።

«ማሚ፣ ሜዳችን የት ነው?»

«እንዴት ማለት?»

«ሰውዬው ኢትዮጵያ በሜዳዋ ነው የምትጫወተው አለ። ግን ማላዊ ነው የሚለው። ማላዊ የኛ ናት እንዴ?»

ባለቤቴ ሳቀ። እኔም ልስቅ ከጀልኩና አባዬን ሳየው ተውኩት። አባዬ አልሳቀም። «አየሽ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ልጅ እኮ የጠየቀው ቀላል ጥያቄ አይደለም።»

ልጄ እንደ ብዙዎቻችሁ ልጆች የአርሴናል ደጋፊ ነው። ኤምሬትስ ስታዲየም ከስልሳ ሺህ በላይ ሰው እንደሚይዝ ያውቃል። ተጫዋቾቹ በየት በኩል እንደሚወጡ፣ አሠልጣኙ የት እንደሚቆም ይነግራችኋል። ለንደንን ግን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ከቤታችን በታክሲ ግማሽ ሰዓት የማይርቀውን የአዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቀው ደግሞ «ስታዲየም ወራጅ አለ!» ሲባል ብቻ ነው። ለእሱ ስታዲየም የታክሲ ፌርማታ ስም ነው።

የመሥራቿ ቤት

ለልጄ መልስ ለመስጠት እኔም ትንሽ ማንበብና ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ የምንለው፣ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲመሠረት መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ደቡብ አፍሪካና እኛ። ይድነቃቸው ተሰማም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሕልፈታቸው፣ 1979 ዓ.ም. ድረስ የዚሁ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ዛሬ ደግሞ ካፍ ለአገሮች ጨዋታ ሜዳ ሲመርጥ የሚያየው ብዙ ነገር ነው። ሣሩ፣ የመልበሻ ክፍሉ፣ መብራቱ፣ የእያንዳንዱ ተመልካች ወንበር፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ የመግቢያና የመውጫ በሩ፣ የሕክምና ክፍሉ ሁሉ ይመዘናል። በዚህ ሚዛን መጀመሪያ የወደቀው አሮጌው የአዲስ አበባ ስታዲየም ነበር። ጨዋታው ወደ ባሕር ዳር ሄደ። በኋላ ባሕር ዳርም ታገደ። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ከጋና ጋር «በሜዳችን» የተጫወትነው ጆሃንስበርግ ላይ ሆነ። ግብፅን «በሜዳችን» ያሸነፍነው ደግሞ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው።

ካፍን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ፣ ካፍ የሚቀበለው አንድ ሜዳ አጣች ማለት ነው።

ይህ የስፖርት ገጽ ወሬ ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። የሊጉ ጨዋታም ቢሆን በእነዚያ ዓመታት ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ እየተሰባሰቡ፣ ከጅማ ባሕር ዳር፣ ከድሬዳዋ አዳማና ሐዋሳ እየተዘዋወሩ ነበር የሚካሄደው። ጊዮርጊስና ቡና ሲጋጠሙ አዲስ አበባ ያለ ልጅ የሚያያቸው በዲኤስቲቪ ነበር። ታዲያ በዚያው ሳጥን ውስጥ አርሴናልም ካለ፣ ልጁ ቆንጆውን ሣርና የጠራውን ስዕል ቢመርጥ ምን ይፈረድበታል?

«ተነሡ፣ እንሂድ»

መስከረም ላይ አባዬ እንደ ልማዱ ጧት ሬዲዮውን ከፍቶ ቡናውን ሲጠብቅ አንድ ዜና ሰማ። ሉቻኖ ቫሳሎ መስከረም 6 ቀን በሰማንያ ሰባት ዓመቱ ኢጣልያ ውስጥ ዐረፈ። አባዬ ሬዲዮውን ዘጋ። ለጥቂት ቀናት ዝም አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ «ተነሡ፣ ስታዲየም እንሂድ። ልጁን አልብሺው» አለኝ።

«አባዬ፣ እድሳት ላይ ነው እኮ፤ አያስገቡንም።»

«ግንቡን ማየት ማን ይከለክለናል?»

ከአቦ ታክሲ ይዘን በሳር ቤት በኩል ሜክሲኮ ደረስን። ከዚያ አባዬ «ባቡር ነው የምንይዘው» አለ፤ ለልጁ ብሎ ነው። በሜክሲኮ ተሳፍረን፣ ለገሀርን አልፈን፣ ስታዲየም ወረድን። አባዬ ደረጃውን እያረፈ ወረደ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ እንደ ድሮው አይደለም።

ልጄ መጀመሪያ አላመነም። «ይሄ ነው? ሱቅ ነው እኮ!» አለ። እውነቱን ነው። ስታዲየሙን ከውጭ ለሚያየው ዙሪያውን የስፖርት ትጥቅ፣ የዋንጫና የሜዳሊያ ሱቅ፣ ካፌና የጫማ ጠራጊ ቤት ነው። ከተማው በላዩ ላይ ተደግፎ ኑሮውን ይኖርበታል። አባዬ ግን ሱቆቹን አላያቸውም። ከዘራውን አንሥቶ ግንቡን እያሳየ እንደ አስጎብኚ ይናገር ጀመር።

«በዚህ በኩል ጥላ ፎቅ ነው። ክዳን ያለው፣ ዋጋውም ከበድ የሚለው። ከማን አንሼም አለ። እዚያ ደግሞ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ፣ ዳፍ ትራክ...»

«ዳፍ ትራክ መኪና አይደል እንዴ?» አለ ልጄ።

«ነዋ! የጭነት መኪና። ካታንጋ ደግሞ የኮንጎ አገር ግዛት ነው። ያኔ ወታደሮቻችን በተባበሩት መንግሥታት ስም ኮንጎ የዘመቱበት ጊዜ ስለነበር ስሙን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

የልጄ ዓይን በራ። የኤምሬትስ ስታዲየም መቀመጫዎች በቁጥር ነው የሚጠሩት። የኛው ስታዲየም መቀመጫዎች ግን እንደ ሰፈር ልጆች ቅጽል ስም አላቸው። ከማን አንሼ! «ከማን አንሼ» ብሎ ራሱን የሚጠራ ሕዝብ ምን ዓይነት ሕዝብ እንደሆነ ለልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ስሙ ራሱ ይናገራል።

አባዬ የዚያን ጊዜውን እሑድ ተረከልን። ከሌሊት ጀምሮ የሚያዝ ሰልፍ። በጋዜጣ ተጠቅልላ የምትገባ ቆሎ። ያው ጋዜጣ ቆሎው ሲያልቅ የሲሚንቶው መቀመጫ ላይ ይነጠፋል፤ ፀሐይ ሲበረታ ኮፍያ ይሆናል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጥላ የያዘ ሰው በአንድ ጊዜ አሥር ዘመድ ያፈራል። የማያውቁትን ሰው አቅፎ መጮህ፣ ከጨዋታው በኋላ ደግሞ እየተከራከሩ በእግር እስከ ቤት መሄድ።

የግንቡ ምስጢር

እኛ ቤት ውስጥ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ታሪክ አለ። አባዬ በአሥር ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ ስታዲየም ነበር። በሠርጋችን ዕለት ሳይቀር ተወርቷል። እኔም ለባለቤቴ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለልጄ አስተማሪ ሁሉ በኩራት የነገርኩት ታሪክ ነው።

አባዬ ከግንቡ አንድ ጥግ ላይ ቆመና እጁን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈ። «እዚህ አካባቢ ነው የነበርኩት» አለ።

«ከውስጥ በኩል?» አልኩት።

«ከውጭ።»

ትንሽ ዝም አለ። «መግቢያ የት አባቴ አገኛለሁ? ከሰፈር ልጆች ጋር በእግራችን መጥተን፣ ፖሊስ እያባረረን፣ እዚህ ግንቡ ሥር ተለጥፈን ነው የዋልነው። ስታዲየም ነበርኩ ማለቴ ውሸት አልነበረም። ገባሁ ግን ብዬ አላውቅም። እናንተ ናችሁ ያስገባችሁኝ።»

ሳቅሁ። ልጄ ግን አልሳቀም። «ታዲያ ጨዋታውን እንዴት አወቅከው አባባ?»

«በጆሮዬ!» አለ አባዬ። እንዲህም አስረዳው። ያን ቀን በፍጻሜው ስድስት ጎል ነው የገባው። መጀመሪያ ስታዲየሙ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ግብፅ ማግባቷን ልጆቹ በዚያ ጸጥታ አወቁ። ከዚያ እስከ ሁለተኛው አጋማሽ መገባደጃ ድረስ ማጉረምረም ብቻ። 74ኛው ደቂቃ ላይ ግንቡ ተንቀጠቀጠ፤ አቻ። ጩኸቱ ሳይበርድ ግን፣ በደቂቃ ልዩነት፣ ዳግም ጸጥታ፤ ግብፅ እንደገና መራች። «ያኔ አንዱ ጓደኛችን ማልቀስ ጀመረ» አለ አባዬ። 84ኛው ደቂቃ ላይ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገን። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ ሊጠናቀቅ ሲል መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2።

«አራት ጩኸት፣ ሁለት ጸጥታ» አለ አባዬ። «እኔ የቆጠርኩት እንዲህ ነው። ማን እንዳገባ የሰማሁት ከሚወጣው ሰው ነው።»

ያን ዕለት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ ያኔ ስሙ እንዲያ ነበር፣ አምበሉ ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው ወደ እኛ አልተመለሰም። ስታዲየሙ ግን ውድድሩን በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. አስተናግዷል። የመጀመሪያውን ኮንጎ ኪንሻሳ፣ ሁለተኛውን ሞሮኮ ወስደውታል። በ2000 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ደግሞ የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና በዚሁ መም ላይ ተሮጧል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በ1954 ግብፅን ያሸነፍነው እዚህ፣ በዚህ ግንብ ውስጥ ነው። በ2014 ግብፅን ያሸነፍነው ማላዊ ነው። በመካከሉ ስድሳ ዓመት አለ። አባዬ ሰኔ 2 ማታ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞረው ለምን እንደነበር የገባኝ ግንቡ ሥር ቆሜ ነው። ያኔ ድሃ የነበረ የአሥር ዓመት ልጅ መግቢያ ባያገኝ እንኳ ተለጥፎ የሚያዳምጠው ግንብ ነበረው። የልጅ ልጁ ግን ጆሮውን የሚያስጠጋበት ግንብ እንኳ የለውም።

የኔ ተራ

አባዬ ምስጢሩን ካወጣ እኔም የራሴን ላውጣ። ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. የሴካፋ ዋንጫ እዚሁ ስታዲየም ሲካሄድ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ልክ እንደ ልጄ አሁን። በፍጻሜው ከዚምባብዌ ጋር ተጫውተን፣ አንድ ለአንድ ወጥተን፣ በመለያ ምት አሸንፈናል። ያን ቀን አባዬ ወንድሜን ይዞ ሄደ። እኔ ለመሄድ ጫማዬን አድርጌ በር ላይ ቆሜ ነበር። «አንቺ ሴት ልጅ ነሽ፣ ግፊያ ነው» ተባልኩ። ከእማዬ ጋር ሬዲዮው ሥር ቀረሁ። የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ሲቃ ሲይዘው እማዬ ጉንጬን ይዛ ሳመችኝ። ደስ ብሎኛል። ግን ማታ ወንድሜ ድምፁ ዘግቶ፣ አቧራ ለብሶ ሲመጣ ያየሁት ቅናት እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ሁለተኛው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ሱዳንን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት ቀን። ባለቤቴ ገባ። እኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበርኩ ቤት ቀረሁ። ከአቦ እስከ ቆሬ መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ሲያሰማ ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ይራገጥ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ናይጄሪያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስትመጣ አባዬ በጧቱ ቤታችን መጣ። ሁለት ትኬት ይዟል። ለወንድሜ መስሎኝ ነበር። «ሕፃኑን ለእናትሽ ስጪና ተነሺ» አለኝ። ስለ 1980 አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም አላነሣሁበትም።

በኃይሉ አሰፋ ሲያገባ አባዬን አቅፌ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ከዚያ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ አቻ አደረገ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ደገመ። ያን ሁሉ ሺህ ሰው የያዘ ቦታ እንደዚያ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። በሕይወቴ ስታዲየም የገባሁት አንድ ቀን ነው፤ ያም የተሸነፍንበት ቀን ነው። ግን ያን ቀን በምንም አልለውጠውም። ከአባዬ ጋር ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ በእግራችን፣ ሳንነጋገር፣ ትከሻ ለትከሻ የሄድንበት መንገድ የኔ ዋንጫ ነው።

ይህን ስጨርስ አባዬ ከዘራውን እያየ፣ «ያኔ በ1980...» ብሎ ጀመረና ተወው። ቆይቶ «ግፊያውን ፈርቼ ነበር እኮ ልጄ» አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት የቆየ መልስ ነበር፤ በቃኝ።

ለእናንተም

ውድ አንባቢዎቼ፣ ግንቡን ልናይ በሄድንበት ጊዜ ስታዲየሙ እድሳት ላይ ነበር። በቦሌ በኩል የሚሠራው የአደይ አበባ ስታዲየምም ሲጠናቀቅ ከስልሳ ሺህ ሰው በላይ ይይዛል ተብሏል። ያን ቀን ያምጣልን። ባለሥልጣናቱ ሥራቸውን ይሥሩ፤ እኛ ወላጆች ግን እስኪያልቅ ቁጭ ብለን መጠበቅ የለብንም። ልጅ የሚወደው ያየውንና የነካውን ነው።

እኔ የጀመርኩትን ልንገራችሁ። እሑድ ጧት በየሰፈሩ የጤና ቡድኖች ይጫወታሉ። የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ። ጃን ሜዳ ላይ ሩጫ አለ። ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱና አብራችሁት ጩኹ። ሴቶች ልጆቻችሁንም እንዳትተዉ፤ ይሄን አደራ የምለው ከልቤ ነው። አያት ካላቸው አያታቸውን ጨምሩ፤ ግን ቤት ተቀምጠው እንዲተርኩ ሳይሆን ቦታው ድረስ ወስዳችሁ ጠይቋቸው። ሰው ግንቡን ሲነካ ሶፋ ላይ የማያወጣውን ያወጣል። እኔ ሃምሳ ጊዜ የሰማሁትን ታሪክ እውነቱን ያወቅሁት እዚያ ቆሜ ነው። ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ የሚቀመጡበትን፣ ውኃና መጸዳጃ ቤት ያለበትን አስቀድማችሁ አስቡ፤ እኛ ዙሪያውን ካለው አንድ ካፌ ገብተን አባዬ ማኪያቶውን ሲጠጣ ነው ወሬው የደራው።

ከመሄዳችን በፊት ልጄ ተመልሶ ወደ ግንቡ ሄደ። ጆሮውን ሲሚንቶው ላይ ለጠፈ። ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

«ምን ይላል?» አለው አባዬ።

«እየሠሩ ነው» አለ ልጄ። ትንሽ አዳመጠና ደግሞ፣ «አባባ፣ ሲከፈት እኔና አንተ ከማን አንሼ ነው የምንቀመጠው፤ ማሚም ትመጣለች» አለ።

ማታ ቤት ስንገባ የአርሴናል ጨዋታ ነበረው። አየው፤ ጮኸለትም። ሲያልቅ ግን ከመተኛቱ በፊት የሥዕል ደብተሩን አምጥቶ አንድ ክብ ሜዳ ሣለ። ዙሪያውን ሱቆች አደረገ። በእያንዳንዱ ጎን በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ ጥላ ፎቅ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ ብሎ ጻፈ። ከግንቡ ውጭ ደግሞ አንዲት ትንሽ የሰው ምስል አለች፤ ጆሮዋ ተልቆ ተሥሏል።

«ይሄ ማነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አባባ ነዋ፣ በአሥር ዓመቱ» አለኝ።

ሥዕሉ አሁን ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል።